ሃዲድ በሌለው የባቡር መንገድ ላይ

አባቴ ቶሮንቶ በቆዩባቸው አምስት ወራት ያላነበቡት የታሪክ ሰሌዳ ያለ አይመስለኝም። ጠዋት ከምንኖርበት ከፓርክዴል ሰፈር ተነስተው በእግራቸው እስከ ብሉር ጎዳና ይወጣሉ። በመንገዳቸው ላይ «ታሪካዊ ቤት» የሚል ጽሑፍ ካዩ ይቆማሉ፣ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ፣ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት ያሰላሉ፣ ከዚያ በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ማታ ከሥራ ስገባ ሪፖርት ይጠብቀኛል። ዛሬ ያዩትን ታሪካዊ ቤት አያታቸው በዕድሜ ይበልጡታል። እዚህ አገር ታሪክ ገና ጥርስ እያወጣ ነው ብለው ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

የምሠራው ኢቶቢኮ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ሥራ ስንጀምር ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ፣ አረጋዊ ሰው አልፈልግም ካለ አለመጎትጎት ነው። ሻይ ይፈልጋሉ? አልፈልግም። በቃ፣ ሻዩ ይመለሳል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬ ነገሩ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። አባቴ ከመጡ ሦስተኛ ወራችንን ይዘን ነበር፤ ባለ አንድ መኝታ ቤቴ ውስጥ እሳቸው አልጋዬ ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ እንተኛለን። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ስንጨርስ እንደ ዋዛ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ለምን እዚሁ ከእኔ ጋር አይቀሩም?»

«አይ ልጄ፣ አላስቸግርሽም» አሉኝ። «ቤቴ ይሻለኛል።»

«ኦኬ» አልኩና ሳህኑን አነሳሁ።

እውነቱን ለመናገር በጣም ከፋኝ። ቪዛቸው ገና ለዓመታት የሚያቆይ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ድሬዳዋ ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፤ ወንድሜ አዲስ አበባ ስለሆነ የሚጠይቃቸው በዓል ሲመጣ ነው። እንዲቀሩ የፈለግኩት ግን ለእሳቸው አስቤ ብቻ አይደለም። ከሥራ ስገባ ቤቱ መብራት በርቶበት፣ ሬዲዮ ተከፍቶበት ማግኘት ለምጄ ነበር። ታዲያ አልፈልግም ያለን ሰው ምን ያደርጉታል? ውሳኔያቸውን አከበርኩ፤ ማክበሬንም እንደ ትልቅ ሥልጣኔ ቆጠርኩት። የመመለሻ ትኬታቸው መስከረም ላይ እንደተቆረጠ ቀረ።

ትኬቱ በፓሪስ በኩል ነበር። ሽኝት ካልቀረ በደንብ ይሁን ብዬ ፈቃድ ወሰድኩና፣ አብሬያቸው ሄጄ ለአምስት ቀን የፈረንሳይን ገጠር ላሳያቸው ወሰንኩ። የእሳቸው የፈረንሳይ ቪዛ እስኪመጣ ፍዳችንን አየን እንጂ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ድሬዳዋ ምድር ባቡር ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛውንም ያገኙት እዚያው፣ ከአለቆቻቸው ነው፤ የጣቢያ ፈረንሳይኛ፣ አጭርና ጨዋ። ከአለቆቹ አንዱ በወጣትነታቸው ስለ አገሩ ገጠር ያወራላቸው ነበርና፣ ግንቡንና ወንዙን፣ ባቡር በላዩ የሚያልፈውን ረጅም የድንጋይ ድልድይ ሳያዩት በቃላቸው ያውቁታል።

ካረፍንበት መንደር በላይ የፈረሰ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ሥር ደግሞ ዘጠኝ መቶ ዓመት የሞላው ቤተ ክርስቲያን። አባቴ ሰሌዳውን አንብበው ዓመቱን ሲያሰሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉና ግድግዳውን ሊገዙት እንደ ፈለጉት በሬ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ እያንዳንዱን መስኮት፣ እያንዳንዱን የተሸረሸረ ደረጃ ካላየን ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ አዞሩኝ።

ከግንቡ ጀርባ ጫካ ውስጥ የሚገባ የእግር መንገድ ነበር። አቅጣጫ የሚያሳየው ዛፍ ላይ የተቀባ ነጭና ቀይ መስመር ነው። ለእኔ ቀለም ነው፤ ለእሳቸው ግን የባቡር ሲግናል ነበር። መንገድ ከመንገድ በተገናኘ ቁጥር ያስቆሙኛል፣ ግራና ቀኝ ያያሉ፣ ምልክቱን በጣታቸው ያሳዩኛል፣ ከዚያ «ቀጥዪ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ምልክቱን ሳላይ ባልፍ፣ በእሳቸው ጊዜ እንዲህ ያደረገ ሰው ከሥራ ይታገድ እንደነበር በቁም ነገር ነገሩኝ። በዚያ መንገድ ላይ ያገኘናቸው ላሞች ብቻ ነበሩ።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ አካሄዷ ቀጥ ያለ ሴት ናት። እንግዶቿን እራት የምታበላው በራሷ ጠረጴዛ ነው። በመጀመሪያው ማታ አባቴ ጥቂት ዶሮ በሉና ሳህናቸው ባዶ ሆነ። ሴትየዋ ድስቱን ይዛ መጣችና ልጨምርልዎ ወይ አለች። አባቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በሚያምር ፈረንሳይኛ፣ በቃኝ፣ አመሰግናለሁ አሉ። ድስቱ ሄደ። ቀጥሎ ስድስት ዓይነት አይብ የያዘ ሳህን መጣ። እንደገና እጅ ደረት ላይ፣ እንደገና ምስጋና። ሳህኑም ሄደ። አባቴ እስከ ኩሽናው በር ድረስ በዓይናቸው ሸኙት፤ እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

በማግስቱ ወንዙን ይዘን ስንሄድ ቁጥቋጦው ውስጥ የበሰለ እንጆሪ አገኙና መልቀም ጀመሩ። ሲለቅሙ ቁርስ የበላ ሰው አይመስሉም። ቀስ በቀስ ቅሬታው ወጣ። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፣ ግን እንግዳ መያዝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ጠየቀቻቸው፤ በጨዋ ደንብ እንቢ አሉ፤ ደግማ ሳትጠይቅ ሄደች። ገና ሲጠሯቸው እንደ ተራበ ሰው ይዝለሉላት? እኔም እየሳቅኩ አስረዳኋቸው፤ እዚህ አገር እንቢ ያለ ሰው እንቢ ብሏል፣ ካናዳም እንደዚሁ ነው፣ ሥራ ቦታችንም ሕጉ ይኸው ነው አልኳቸው።

አባቴ እንጆሪውን በእጃቸው እንደያዙ መንገዱ መሐል ቆሙ።

«ታዲያ ሰው የእውነት የሚፈልገውን በምን ያውቁታል?»

ጠይቀው ነዋ አልኩ። መጠየቅማ እኔንም ጠይቃኛለች አሉ። እንግዲያው ብዬ ዛሬ ማታ የቀረበውን ሁሉ ገና በመጀመሪያው እሺ እንዲሉ መከርኳቸው።

ምክሬን ሰሙ፤ ከሚገባው በላይ ሰሙ። ለድስቱ «ዊ»። ለስድስቱም አይብ «ዊ»፤ ከመካከላቸው አንዱ የወታደር ካልሲ ይሸት ነበር። ሴትየዋ ፊቷ በርቶ የፕሪም አረቄ አወጣች፤ ለእሱም «ዊ»። በመጨረሻ አንድ ረጅም ነገር ጠየቀቻቸውና እሱንም በደስታ ተቀበሉ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ነገ ከመንደሩ የእግረኞች ማኅበር ጋር አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ሄደን ጥንታዊ የመቃብር ድንጋይ እናያለን አሉኝ።

ሄድንም። ማኅበርተኞቹ ሁሉ ጡረተኞች ነበሩ፤ ሁለት ሁለት ዱላ ይዘው ዳገቱን ይበሉታል። አባቴ ከፊት ከፊት ሆነው ስለ ባቡር እያወሩ ይሄዳሉ፣ እኔ ከሁሉም በዕድሜ የማንሰው ከኋላ እያለከለክሁ እከተላለሁ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ፣ አምስት ዝሆን የማይነቀንቀውን ያን ጠፍጣፋ ቋጥኝ ማን እንዴት ከሥሩ በቆሙት የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ እንዳወጣው ተከራከሩ። አባቴ ይህን የሠራው ሰው ምድር ባቡር ቢቀጠር ኖሮ ቶሎ አለቃ ይሆን ነበር አሉ። የዚያን ቀን የሳቅነው ሳቅ ለአንድ ክረምት ይበቃል።

የመጨረሻው ቀን መጣ፤ በማግስቱ ፓሪስ ገብተን እሳቸው ወደ ምሥራቅ፣ እኔ ወደ ምዕራብ ነን። ሴትየዋ ለአባቴ ብላ አንድ መንገድ ጠቆመችን። ድሮ የባቡር መስመር ነበር፤ ሃዲዱ ተነቅሎ አሁን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። አባቴ መጀመሪያ የመንገዱን ስፋት በእርምጃቸው ለኩ። ቆይተው ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ኮረብታውን እንዴት እንደሚዞር፣ ውኃ መስመሩን እንዳይበላው ቦዩ በየት በኩል እንደተቆፈረ ያሳዩኝ ጀመር። ጨለማ ዋሻ አልፈን ስንወጣ ድልድዩ ላይ ደረስን። ረጅም የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ከሥሩ ወንዝ፣ ከማዶ ግንብ። አለቃቸው የነገራቸው ይሄው ይሁን ሌላ አላወቅንም፤ አባቴ ግን ይሄው ነው ብለው ወሰኑ።

ዳር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ዳቦና አይባችንን በላን። አንዲት ቁራሽ ቀረች።

«አባባ፣ ይብሏት» አልኩ።

«አይ፣ አንቺ ብዪያት።»

ተቀብዬ ጎረስኳት። እያላመጥኩ ቀና ስል አባቴ ያዩኛል፤ የአይቡን ሳህን ባዩበት ዓይን ነበር የሚያዩኝ። እኔ እኮ እናቴ የእንግዳ እጅ ይዛ ስታስምል እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቤታችን የመጣ ሁሉ ሁለት ሦስቴ እንቢ ሳይል ወደ ማዕድ እንደማይቀርብ፣ ደግሞ ሳይቀርብ እንደማይሄድ አውቅ ነበር። ያን እሁድ ግን አባቴን የጠየቅኳቸው በሥራዬ ሻይ እንደምጠይቀው ነው፤ አንዴ፣ በትሕትና፣ ከዚያ ሳህን ማንሳት። አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ፈራሁ፤ የቀረኝ አንድ ቀን ነበር።

አብረን ወደ ቶሮንቶ እንመለስ አልኳቸው። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ፤ አላስቸግርሽም አሉ። ምንም አያስቸግሩኝም፣ ቤቴ ቤት የመሰለኝ እርስዎ ከመጡ ወዲህ ነው አልኩ። ወገብሽ እኮ ሶፋ ላይ አለቀ አሉ። ሁለት ቤድሩም እንፈልጋለን አልኩ። በስተርጅና አገር መቀየር ምን ይሉታል አሉ። ከወንበሩ ወርጄ ፊታቸው ተንበረከክሁና ሁለት እጃቸውን ያዝኩ።

«በሞቴ፣ አባባ። በሞቴ ይቅሩልኝ።»

አንድ ብስክሌተኛ «ቦንዡር» ብሎን አለፈ፤ አባቴ ደንብ ስለማይስቱ ወፈር ባለ ድምፅ መለሱለት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«ያኔ ‹ኦኬ› ብለሽ ሳህኑን ስታነሺ» አሉኝ፣ «እንድሄድልሽ የፈለግሽ መስሎኝ ነው እኮ።»

እዚያው ድልድዩ ላይ ሳቄና ለቅሶዬ ተደባለቀብኝ። ሁለታችንም ተከባብረን ልንለያይ አንድ ቀን ቀርቶን ነበር። አባቴ ትንሽ ታገሱኝና ኮፍያቸውን አንስተው ቆሙ።

«በይ ተነሺ። ለወንድምሽ ደውዪና ቤቱን ያከራየው በዪው።»