ሽማግሌ ያስጠራው ሞኒተር

ባሌ መሬት ይለካል። ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ገበሬና ገበሬ በድንበር ሲጣላ ሜትሩን አንጠልጥሎ የሚሄደው እሱ ነው። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቀኔ የሚያልፈው በማይክሮስኮፕ ጠባብ ክብ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ጌም እንወዳለን። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ባለትዳር ሰዎች፣ ደመወዝተኛ ሰዎች፣ ጆይስቲክ ይዘው! ግን ኔትወርክ ጠፍቶ በሚከርምበት፣ ሁሉም በጊዜ ቤቱ በሚገባበት ከተማ ባልና ሚስት ምን ይሥሩ? አንዳንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዳንዱ ይጣላል። እኛ የጭነት መኪና እንነዳለን፣ የመኪና ውድድር እንሽቀዳደማለን።

የምንጫወትበት ሞኒተር ባሌ በወንደላጤነቱ የገዛው ነበር። አንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፣ ሲፈልግ ይበራል። ልንቀይረው ተስማማን። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ጠቡ የመጣው በምን እንቀይረው ስንል ነው። ባሌ የፈለገው አልትራዋይድ የሚሉትን፣ ከጠረጴዛው ዳር እስከ ዳር የሚዘረጋውን አንድ ሰፊ ሞኒተር ነው። እኔ ደግሞ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ተራ ሞኒተሮች።

"ቀኑን ሙሉ ድንበር ስለካ እውላለሁ" ይላል ባሌ። "ሁለቱን ጎን ለጎን ስታቆሚያቸው መሃል ላይ ጥቁር ጠርዝ ይገባል። መኪናዬ ደግሞ ልክ መሃል ላይ ናት። ቤቴ ገብቼም በድንበር ለሁለት የተሰነጠቀ መኪና ልንዳ?"

"መኪናህን አንዱ ላይ አድርጋት። ሌላው የእኔ ነው።"

"ሰፊውም እኮ ለሁለት ይከፈላል። አንቺ በግራ፣ እኔ በቀኝ።"

"አዎ፣ ክርንህ ደግሞ ጎኔ ውስጥ። ስንሽቀዳደም የእኔን ግማሽ ሰርቀህ እንደምታይ የማላውቅ መሰለህ?"

ይህ ክርክር ከእራት በፊት ይጀመራል፣ እራት ላይ ይቀጥላል፣ ሳህን ሲታጠብ ድምፁ ከፍ ይላል። አንዳችንም ዕቃውን በዓይናችን አላየነውም፤ ቪዲዮ ላይ ያየነውን ይዘን ነው የምንሟገተው።

አከራያችን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የራቁባቸው ደግ ሴት ናቸው። የእሳቸውን ሳሎንና የእኛን ክፍል የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ኮርኒሱ ደግሞ ማዳበሪያ ስለሆነ ድምፅ እንደ ልቡ ይመላለሳል። የሰሙትን የነገሩን በኋላ ነው። የሰሙት እንዲህ ነበር፦ "ከአንተ ጋር አንድ ላይ አልጨናነቅም! ሁለት ይሁንና አንተም በራስህ፣ እኔም በራሴ!" ቀጥሎ ባሌ፦ "መሃላችን ድንበር ከገባማ ምን ትርጉም አለው!" ቀጥሎ ደግሞ እኔ፦ "አሮጌውን እንደሆነ አልፈልገውም። ዓይኔ እያየ እየደከመ ነው። ለፈለገ ሰው እሰጠዋለሁ።"

ባሌ ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። ፀጉሩም ቀድሞ ሸብቷል። አከራያችን ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት ባሌ ግቢው ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ አገኛቸውና እንደ ቀልድ፣ "እማማ፣ እኔና እሷ መቼም አልተስማማንም። እርስዎ ይዳኙን እንጂ" አላቸው። እሳቸውም ቅጭም ብለው፣ "ይኸ ለእኔ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም ልጄ። ሰው ልጥራበት" አሉት። እየሳቀ ነገረኝ። አከራያችን በሞኒተር ጉዳይ ሽማግሌ ሊጠሩ ነው ብለን ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

እውነትም ጠሩ። በገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ከኋላቸው ደግሞ የአከራያችን ታላቅ ወንድም ጋቢያቸውን ደርበው ገቡ። ወንድምየው ገበሬ ናቸው፤ በቆሎ ሊሸጡ መጥተው ገበያውን ሳይጨርሱ ነው የተጠሩት። መስቀል ተሳለምን፣ አከራያችን ጠላ ቀዱ፣ ዳቦ ተቆረሰ።

አባታችን ነገር በቀጥታ አይናገሩም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ልጆቼ፣ አንድ የሆነ ነገር ሁለት ሲሆን ደስ አይልም" አሉ።

ባሌ ከመቀመጫው ሊነሣ ምንም አልቀረው። "እኔም ያልኋት ይኸንኑ ነው አባታችን!"

"አባታችን፣ አንድ መሆኑስ ባልከፋ" አልሁ እኔ። "ግን አንገት ያሳምማል።"

"አንገት?" አሉ ወንድምየው።

"አዎ ጋሼ። ከዳር እስከ ዳር ለማየት አንገት ሲዞር ነው የሚዋለው። ሁለት ሲሆን ግን የፈለጉትን ዞር አድርጎ ማቆም ይቻላል።"

ወንድምየው ባሌን በሐዘኔታ አዩት። አባታችን ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "ለመሆኑ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አሮጌው ምን አጠፋ?"

"ምንም አላጠፋም አባቴ። ዕድሜው ነው። አንድ ጎኑ እኮ ጠቁሯል።"

ወንድምየው የባሌን ጎን ተመለከቱ።

"አንቺም ልትሰጪው ነው ይባላል" አሉ አከራያችን እንባቸው እየመጣ።

"ለሥራ ባልደረባዬ ቃል ገብቼላታለሁ እማማ። እሷ ከእሱ ብዙ አትጠብቅም፤ ምንም ከሌላት እሱም ይበቃኛል ነው ያለችኝ።"

"በስመ አብ!" አሉ አባታችን፣ አማተቡም። ወደ ባሌ ዞሩ። "አንተስ? ዝም ብለህ ልትሰጥ ነው?"

"እኔማ ደስ ይለኛል አባታችን። መንገዱ ላይ እንዳይሰበር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ራሴ አደርስላታለሁ።"

የጠላውን ጣሳ ያነሣ የለም። ባሌ ፊታቸውን ባየ ጊዜ አንድ ነገር ጠረጠረ መሰለኝ፣ ተነሣና መጋረጃውን ገልጦ አሮጌውን ሞኒተር ከነጥቁር ጎኑ አሳያቸው። "እሱን ነው እኮ የምንለው" አለ።

አከራያችን መጀመሪያ ሞኒተሩን አዩ፣ ከዚያ ባሌን፣ ከዚያ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልይዛቸው ብሄድ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነው። አባታችን ሳቃቸውን ለመዋጥ ታግለው አልቻሉም። እኔ ምን እንዳልሁ መለስ ብዬ ሳስበው ፊቴ ጋለብኝ። ወንድምየው ብቻ አልሳቁም። "በቆሎዬን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ለቴሌቪዥን ነው የመጣሁት?" አሉ።

"ለሞኒተር ነው ጋሼ" አላቸው ባሌ፤ አልጠቀመውም።

አባታችን ግን ለማስታረቅ የተቀመጠ ሰው ሳያስታርቅ አይነሣም አሉ። "እስቲ ክፈቱትና እንየው፤ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምን ብዬ ልፍረድ?" ባሌ ደስ ብሎት ከፈተው። የጭነት መኪናዋ አስፋልቱ ላይ ወጣች። በዚህን ጊዜ ወንድምየው በርጩማቸውን ይዘው ጠጋ አሉ።

"ምን ጭኗል?"

"ግንድ ነው ጋሼ።"

"ወዴት ያደርሰዋል?"

"ወደ ሌላ ከተማ።"

"ማን አዘዘው?"

ባሌ እየሳቀ ነዳጁን ረገጠው። ወንድምየው ግን ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ዳገት ላይ "ቀይረው! ማርሹን ቀይረው!" እያሉ እሳቸው ከባሌ ይልቅ ላብ አላባቸው። አባታችንም አንድ ጊዜ ጆይስቲኩን ያዝ አድርገው ነበር፤ መኪናዋን ከነጭነቷ የመንገዱ ዳር ብረት ላይ አላተሟትና፣ "መንገዱ ጠበበኝ" ብለው መለሱለት። ባሌ ይህን ለሰፊው ሞኒተር እንደተሰጠ ድምፅ ቆጥሮ በኩራት አየኝ።

ፍርዱ ግን ለማንም አላደላም። ቡሬ ላይ የባሌ የትምህርት ቤት ጓደኛ ጌም ቤት ከፍቷል፤ ሰፊውም ሁለቱም እሱ ዘንድ እንዳሉ ሰምተናል። አባታችን ይህን ሲሰሙ፣ "እንግዲያው ሂዱና እዩ" አሉ። "ግን እሷ የምትቀመጠው አንተ በመረጥኸው ላይ ነው። አንተም እሷ በመረጠችው ላይ። የየራሳችሁን ነገርማ ሳታዩትም ወዳችሁታል።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን ሚኒባስ ተሳፈርን። ከኋላችን የተጫነው የበርበሬ ጆንያ ስለነበር እስከ ማንኩሳ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያነጥስ፣ አንዱ ለአንዱ ይማርህ ሲባባል ሄደ። ቡሬ ስንደርስ ዓይናችን ቀልቷል። የባሌ ጓደኛ አይቶን፣ "ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?" ብሎ ደነገጠ።

ጌም ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ ኳስ በሚጫወቱ ጎረምሶች ተሞልቷል። ሰፊው ሞኒተር ጥግ ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ በሩ አጠገብ። በትእዛዙ መሠረት ተለያይተን ተቀመጥን። እኔ እንደምጠላው ወስኜ ነበር የተቀመጥሁት፤ ፊቴን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ከዚያ መኪናዋ ተነሣች። መሪው ከፊቴ፣ በግራ የጎን መስታወት፣ በቀኝ የጎን መስታወት፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታዩኛል። መንገዱ ከፊቴ ሳይሆን ግራና ቀኜን አልፎ የሚሄድ መሰለኝ። አንገቴን አላዞርሁም፤ መዞርም አላስፈለገውም። ቀኑን ሙሉ በጠባብ ክብ የሚያይ ዓይን እንዲህ ያለ ስፋት ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። አንድ ጊዜ ጓደኛው የቆየ ጌም ሲከፍትልኝ ሥዕሉ መሃል ላይ ብቻ ቆሞ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ቀረ። "አንዳንዱ ጌም ለዚህ አልተሠራም" አለኝ። ግድ አልሰጠኝም። ፍቅር ይዞኛል።

ፈራ ተባ እያልሁ ወደ ባሌ ዞር አልሁ። እሱ እኔን አያየኝም። በግራው ሞኒተር ላይ ካርታውን ዘርግቶ፣ በቀኙ መኪናዋን እየነዳ፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

"ካርታው አይዘጋም!" አለኝ ስጠራው። "አየሽ? መንገዱን እያየሁ ካርታውን አያለሁ። ጠርዙ መሃል መኪናዬ ላይ አይደለም፤ በካርታውና በመንገዱ መሃል ነው። ድንበር እኮ ቦታውን ካገኘ አይጎዳም!"

ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያው ክርክር ተነሣ፤ ቦታ ተቀያይረን ብቻ። እሱ እኔ ከእራት በፊት የምለውን ሁሉ ቃል በቃል ይለኛል፤ እኔ የእሱን እመልስለታለሁ። "ማን ነበር የሚጨናነቀው?" "ማን ነበር ድንበር የሚጠላው?" ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው፣ "ልጆቼ፣ ቤት ሲከፋፈል ቀስ ብሎ ነው" አሉን። ስለ ሞኒተር እንደሆነ ለማስረዳት ጉልበት አልነበረንም።

አከራያችን በር ላይ ቆመው ጠበቁን። "ተስማማችሁ?"

"ተቀያየርን እማማ" አልኋቸው።

"እንግዲህ አባን እንደገና አልጠራም" ብለው ገቡ።

ነገሩን የጨረሰው ባሌ ራሱ ነው፤ ያውም ሳይፈልግ። በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ የሥራውን ሜትር አውጥቶ ጠረጴዛችንን ለካ። ጠረጴዛው በአልጋውና በመስኮቱ መሃል የተሸጎጠ ነው፤ ወደየትም አይገፋም። ለካ፣ ከሌላኛው ጫፍ ጀምሮ እንደገና ለካ። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሜትሩን ጠቀለለው።

"ምነው?" አልሁት።

"ሁለቱ አይገቡም። አንደኛው ግማሹ አልጋው ላይ ነው የሚወድቀው። ሰፊው ግን ልክክ ይላል።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"የሰው መሬት የምለካበት ሜትር ነው" አለ ተቆጥቶ። ልዋሽ ቢል ይችል ነበር፤ እኔ ሜትር ማንበብ አይሆንልኝም። ባለመዋሸቱ ያን ምሽት አብልጬ ወደድሁት፤ ግን አልነገርሁትም፣ ስላሸነፍሁ ብቻ ደስ ያለኝ እንዲመስለው ተውሁት።

ሰፊውን ከባሕር ዳር ገዛነው። ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ጭናችን ላይ አጋድመን እስክንመጣ ድረስ ያልጠየቀን ሰው የለም። አንዱ ሶላር ነው ወይ ይላል፣ አንዱ የበር መስታወት መስሎታል። ቤት ገብተን ስንሰካው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የኮምፒውተራችን ግራፊክስ ካርድ ለዚህ ሁሉ ስፋት ሥዕል መሥራት አቃተውና መኪናዋ እየተንገጫገጨች መሄድ ጀመረች። ባሌ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው። መንገዱ ለሰለሰ፤ ዛፎቹ ግን ጥቅል ጎመን መሰሉ።

"እኔ ብዬ ነበር" አለ።

"መቼ?"

አሰበ። የትኛውን ሳምንት እንደሚጠቅስ ጠፋበት መሰለኝ፣ "አንዱን ቀን" አለ።

አሁን የምንጫወተው እንዲህ ነው። እኔ መሪውን እይዛለሁ፣ እሱ ካርታውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ አጠገቤ ይቀመጥና መንገድ ይመራል። ጎመኖቹን እያለፍን እንሄዳለን። መገንጠያ ስንደርስ ጣቱን ዘርግቶ፣ "በግራ፣ በግራ፣ ኧረ በግራ አልሁሽ!" ይላል። እኔም ስሰማው ቆይቼ በቀኝ እታጠፋለሁ፤ በዚያ በኩል ሐይቅ እንዳለ አይቻለሁና።