አማቱ ያዩለት ጋላክሲ

በጃንሆይ ዘመን ዋጋሪ ነቀምቴ ገበያ ዳር ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ቀን አቀርቅሮ ይውልና ሲመሽ ቀና ይላል፤ ወደ አገሩ የተመለሰ የሚሲዮን ሐኪም ትቶለት የሄደው ትልቅ ቴሌስኮፕ ጓሮው ውስጥ ቆሟል።

በጥር ወር፣ ገና እንደመሸ፣ በደቡብ በኩል የጋላክሲዎች ጉባኤ አገኘ። እያንዳንዷ ጉም መሳይ ነጥብ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮከብ የሰፈረባት አገር ናት። ከጉባኤው ፈንጠር ብላ ደግሞ አንዲት እንቁላል መሳይ ፈዛዛ አለች፤ አንዴ ትታየዋለች፣ አንዴ ትጠፋበታለች። ስለ እሷ ለማንም አልተነፈሰም፤ ራሱንም አላመነውም።

ስለ ጉባኤው ግን አፉን መሰብሰብ አልቻለም። ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። እንግዳ በጨለማ አይመራምና፣ እያንዳንዱን በፋኖስ እስከ ቴሌስኮፑ አድርሶ፣ እያየ ሳለም ፋኖሱን ከፊቱ ሳይነጥል ቆመለት። ማንም ምንም አላየም። ከሸዋ የመጣው የጨርቅ ነጋዴ አቶ አበጋዝ ዓይኑን እያሸ፣ «ወንድሜ፣ ያሳየኸኝ ጨለማ ነው» አለው። ሰፈሩ ሳቀ። ዋጋሪም ወሩ ሳያልቅ ሌላ ሰው ካላየለት፣ ዓይኔ ዋሽቶኛል ብሎ መሣሪያውን ለሚሲዮኑ ሊመልስ ቆረጠ።

በዚያው ሰሞን አማቱ ወይዘሮ ቀለሟ ለሠርግ ከኡኬ መጡ። አማትና አማች በወጉ ፊት ለፊት አይተያዩም። አንድ ምሽት ዋጋሪ ቴሌስኮፑን አነጣጥሮ፣ ጎረቤት የሚጠራበትን ፋኖስ ሊያመጣ ቤት ገባ። ከእሱ ተደብቀው በማድቤቱ ጥግ ጨለማ ውስጥ ብዙ የቆዩት አማቱ፣ መንገዱ ሲለቀቅላቸው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ዓይናቸውን አስጠጉ።

«ያ ወርቂቱ» ብለው ልጃቸውን በኦሮምኛ ተጣሩ። «ለባልሽ ንገሪው፤ ጉም ጉም የሚመስሉ ተሰብስበዋል። አንዷ ግን ዳር ብቻዋን ቀርታለች፤ ምን አድርጋቸው ነው?»

ዋጋሪ ፋኖሱን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ዳር ስላለችው ለሚስቱ እንኳ አልነገረም። ለካ ዓይኑ አልዋሸም! አማቱ ያዩት በጨለማ ቆይተው ነው፤ እንግዶቹን ያሳወራቸው የገዛ ፋኖሱ፣ የገዛ አክብሮቱ ነበር። እፍ ብሎ አጠፋው።

በማግስቱ አቶ አበጋዝን በጨለማ እጁን ይዞ አመጣው፤ ጋቢ አከናንቦም አጥሩ ሥር አቆየው።

«በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ አደረግኸኝ» አለ አበጋዝ እየተነጫነጨ።

ከዚያ አየ። ዓይኑን ከቴሌስኮፑ ሳይነቅል ቆየ።

«ብቻዋን ያለችውንም አየኋት» አለ በመጨረሻ። «ለዚህ ዓይን ማን አበቃህ?»

ዋጋሪ፣ የአማት ስም በወጉ አይጠራምና፣ በአገጩ ወደ ማድቤቱ አመለከተው። አበጋዝ ጋቢውን ከራሱ ላይ አውርዶ፣ ለማይታዩት ሴትዮ ለጥ ብሎ እጅ ነሳ። ዋጋሪም ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አብሮት ጎነበሰ።