በግ የተኛባት ኮረብታ

ኮረብታ መለካት ሥራ ነው ስላችሁ እንዳትስቁ። ጋሼ የሳቀብኝ ይበቃኛል።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጆሃንስበርግ ያመጣኝ፣ ያስተማረኝ፣ ኮዝሞ ሲቲ ከተከራየው ቤት ውስጥ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል የለቀቀልኝ እሱ ነው። ዛንድስፕሩት በሚባል ሰፈር ውስጥ ከዳቦ እስከ ሳሙና የሚሸጥባት፣ እዚህ ስፓዛ የሚሏት ዓይነት የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። ደንበኞቹ "ማሉሜ" ይሉታል፤ በዙሉ አጎቴ ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ ሰፈሩ በሙሉ ዘመዴ ነው።

የኮሮና ሎክዳውን ሲመጣ ፐርሚት ያለው ይክፈት፣ የሌለው ቤቱ ይቀመጥ ተባለና የጋሼ ሱቅ ተዘጋ። እኔ የምሠራበት የቅየሳ ቢሮም ሰዎቹን ከሜዳ ሰብስቦ፣ ኮምፒውተር አሸክሞ ወደ ቤት ሰደደን። የዌልስ ኮረብታዎች ሥራ የመጣው ያኔ ነው። እዚያ አገር ኮረብታ የሚወዱ ሰዎች አሉ። እየዞሩ ይወጣሉ፣ ይለካሉ፣ ይሄ ተራራ ነው፣ ይሄ ኮረብታ ነው፣ ያኛው ምንም አይደለም እያሉ ይመድባሉ። እነሱም እንደኛው ቤት ተዘግቶባቸው ስለነበር፣ ከአውሮፕላን በሌዘር የተነሳውን መረጃ ለቢሯችን ላኩት።

ሌዘሩ ከላይ ይተኮሳል፣ የነካውን ነገር ከፍታ ይዞ ይመለሳል። ለእኔ የሚታየኝ እንደ ጤፍ የተበተነ ነጥብ ብቻ ነው። ጫፉን አገኛለሁ፤ ከዚያ ኮረብታውን ከትልቁ ጎረቤቱ ጋር የሚያገናኘውን ዝቅተኛ ቦታ አገኛለሁ፤ ልዩነቱን አሰላለሁ። ሠላሳ ሜትር ከሞላ ራሱን የቻለ ኮረብታ ነው። ካልሞላ የትልቁ እብጠት ነው፣ በቃ።

"ቆይ፣ ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ?" አለኝ ጋሼ አንድ ቀን፣ ሻዩን ይዞ ከኋላዬ ቆሞ።

"ጋሼ ሙት፣ ተወኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ሥራ!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ግን አልሄደም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሥራ የፈታ ነጋዴ አያድርስ ነው! ብዙም ሳይቆይ አማካሪዬ ሆኖ አረፈው።

ከአንድ ግዙፍ ተራራ ጎን የተለጠፈች ትንሽ ኮረብታ ነበረች። ስሟን ማንበብ ሁለታችንንም ስላቃተን ጋሼ "ሚጢጢ" አላት። እሱ ራሱ አጭር ነው፤ ከሱቁ መደርደሪያ ዕቃ የሚያወርደው የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ ነው። እና አድልዎውን አልደበቀም።

"ሚጢጢን እንዳትጥያት" ይለኛል ጠዋት ጠዋት።

"እኔ ምን አገባኝ? የሚጥላት ቁጥሩ ነው።"

"ቁጥር ደግሞ ምን ያውቃል!"

ሐምሌ ላይ፣ የጆበርግ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ጋሼ ሳል ጀመረው። "ብርድ ነው" አለ። "ብርድ ነው" አልኩ እኔም። ከአልጋው እስከ በሩ ሄዶ መተንፈስ ሲያቅተው አምቡላንስ ጠራሁ። ሊወስዱት ሲሉ ጭምብሉን ዝቅ አደረገና "ስሚ፣ የሚጢጢን ውጤት ሳልሰማ የትም አልሄድም" አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቃሉ ውስጤ ገብቶ ቀረ።

ሆስፒታል መጠየቅ ክልክል ነበር። ብቻዬን ተቀምጬ ሚጢጢን ለካኋት። ከሠላሳ ሜትር በስንዝር ያህል አልፋ አገኘኋት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም! ስልኬን አነሳሁ፣ ግን የሙያ ነገር ሆነና አንድ ጊዜ ደግሜ ልያት አልኩ። ጫፏ ላይ ያሉት ነጥቦች ደስ አላሉኝም። ከመሬቱ ተነጥለው፣ ድብልብል ብለው ተቀምጠዋል። ቁልቁለቱ ላይም እነሱኑ የመሰሉ ድብልብሎች አሉ። በሌላ ዓመት የተነሳውን መረጃ ከፍቼ ሳይ ጫፉ ላይ ምንም የለም። በግ ነው! ሌዘሩ የለካው እዚያ የተኛ በግ ጀርባ ነው። በጉ ሲወጣ ሚጢጢ ጎደለች።

እንግዲህ ውጤቱ እጄ ላይ ነው። ጋሼ ደግሞ ውጤቱን ሳልሰማ አልሄድም ብሏል። እኔ ቀያሽ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን ያን ጊዜ አመንኩ። ካልነገርኩት ይኖራል ብዬ አመንኩ።

"ሚጢጢስ?" ይለኛል በስልክ።

"ገና ነው ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም።" በሌላ ቀን መብራት ጠፍቶ ነው። በሌላ ቀን ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ። ድምፁ ግን በደወለ ቁጥር እየቀጠነ ሄደ።

"አንቺ ልጅ" አለኝ በመጨረሻ። "ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ስትዋሺ ትቸኩያለሽ። ወደቀች አይደል?"

እንባዬ መጣ። "ብነግርህ ትሄዳለህ" አልኩት፣ እንደ ሕፃን።

"ሱቄን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው? ይልቅ ንገሪኝ።"

ስለ በጉ ነገርኩት። ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ፣ ነርስ ስትቆጣ ሰማሁ፣ ስልኩ ተዘጋ። ገደልኩት አልኩ። በገዛ አፌ ገደልኩት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ መልሼ ሳልደውል አደርኩ።

በማግስቱ በድምፅ መልእክት ላከልኝ። "በጉን አውርጂና እንደገና ለኪ፤ ኋላ ሰው ይስቅብናል። ደግሞ ትንሽ መሆን ነውር ነው እንዴ?" ስንት ጊዜ መልሼ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ሚጢጢን ከትልቁ ተራራ ጋር ደምሬ ላክኋት።

ከሆስፒታል የወጣ ቀን ጎረቤታችን በመኪናው አመጣን። መንገዳችን ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ስለነበር ታች ጥግ ላይ ወረድን። ከዚያ እስከ ቤታችን አንዲት ዳገት አለች። ጋሼ የሩዝ ጆንያ ተሸክሞ እያፏጨ የሚወጣት፣ በእኔ ሙያ ስም እንኳ የማይሰጣት ዳገት። ትከሻዬን ይዞ ትንሽ ሄደና ቆመ። ደግሞ ትንሽ ሄደና ቆመ። ልጆች ከአጥር ውስጥ "ማሉሜ!" እያሉ ሲጮኹ እጁን ማንሳት እንኳ አቃተው። መሃል ላይ የሰው አጥር ተደገፈና የቀረውን ቀና ብሎ አየ።

"ለመሆኑ ይቺ ምንድን ናት?" አለኝ።

"ተራራ ናት፣ ጋሼ።"

ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት። "በጉን አውርደሽ ለክተሻል?"

"አውርጄዋለሁ" አልኩት እያለቀስኩ።

በእሺታ ራሱን ነቀነቀና እንደገና መውጣት ጀመረ።