በጨንቻ ክረምት ቅቤ የቀነስኩበት ብልሃት

ከቆላው ላንቴ ወደ ደጋው ጨንቻ የወጣሁት ሙዝ በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ነው። የአባያ ሐይቅ ውሃ ዳርቻውን አልፎ እርሻዬ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የሙዜ ግንድ ከሥሩ እየበሰበሰ ሲወድቅ ቆሜ ከማይ ብዬ፣ ቡልኮዬንና አንድ ከረጢት የደረቀ ሃለኮ ይዤ ተሳፈርኩ። ሃለኮ ሰሜኖቹ ሽፈራው የሚሉት ቅጠል ነው። ወንድሜ ዳና መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ "ጨንቻ እኮ ነው የምትሄደው፤ ስደተኛ አትምሰል" አለኝ። ዳና በዕድሜው ካልሲ አድርጎ አያውቅም። እኔ ግን ላቤን እየጠረግሁ ተሳፍሬ ጥርሴ እየተንገጫገጨ የወረድኩበት አገር፣ ለእኔ ሌላ አገር ነው።

ጨንቻ ቀበሌ መሸኛዬን የተቀበለው ልጅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"አባባ፣ ከዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ነው የምናውቀው። ከቆላ የሚወጣውን ምን ብዬ ልመዝግበው?"

"ብልህ ብለህ።"

"ሥራ?"

"አርሶ አደር፣ አናጢ፣ ራሱን ያስተማረ።"

"አንዱን ይምረጡ።"

ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ የለየሁ ሰው አንዱን ምረጥ ሲባል ምን ይላል? ሁሉንም ጻፍ አልኩት። "አርሶ አደር" ብሎ ጻፈ።

እዚያው ጨንቻ መምህርት የሆነች ልጄ ማርታ ቤቴ ግባ ብላ ለመነችኝ። እኔ ደግሞ በሰው ምድጃ የምሞቅ አይደለሁም። ከእትዬ አየለች ግቢ አንዲት ክፍል ከነምድጃዋ ተከራየሁ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። እናንተ ላንቴ ያላችሁ፣ ዝናብ ሲዘንብ ደረታችሁን ከፍታችሁ የምትቀመጡ፣ የጨንቻን ጉም አታውቁትም። በር ሲከፈት እንደ እንግዳ ይገባል። እንዲህ ባለው ብርድ ሰው የሚፈልገው የሚያሞቅ ምግብ ብቻ ነው፤ እትዬ አየለችም ጠዋት ጠዋት የገብስ ገንፎ ታመጣልኛለች። መሃሉን ጎድጓድ አድርጋ በቅቤ ትሞላዋለች። ጠርዙን እያጠቀስኩ ስጨርስ እንደገና ትሞላዋለች። እዚያ አገር ክብር የሚለካው በጎድጓዱ ጥልቀት ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲስተሯ ክንዴን አስራ ነፋችና ፊቷ ተለወጠ።

"ግፊትዎ ከፍ ብሏል። ኪኒኑን ሳያጓድሉ ይውሰዱ፤ ጨውና ቅቤ ደግሞ ይቀንሱ።"

አጠገቤ የነበረችው ማርታ ቀበል አድርጋ፣ "አባዬ፣ እስከ መስከረም ካልወረደ ዕቃህን ጭኜ እኔ ቤት ነህ። ምድጃ አትነካም" አለች።

ክፍሌን ለማዳን ቅቤውን መተው አለብኝ፤ ቅቤውን ብተው ደግሞ የክፍሏ ባለቤት ትቀየመኛለች። በማግስቱ ጎረቤቶች ባሉበት ገንፎው ቀረበ።

"እትዬ አየለች፣ ቅቤው ይቅርብኝ" አልኩ።

"ቅቤዬ ሸተትዎት?"

"ለክብሬ ከሆነ፣ ክብሬ ያለው እዚህ ነው" ብዬ በማንኪያ ዝቄ መላጣዬ ላይ አሳረፍኩት።

 ጎረቤታችን ጋሼ ኦልባ ቀስ ብለው፣ "ማን ሾመዎት?" አሉኝ። በድሮው ሥርዓት እንዲያ ቅቤ አናቱ ላይ የሚደረገው አገር መርጦ ሃላቃ ብሎ የሾመው ሰው ነው ለካ። ይህን ሳላውቅ መቅረቴ እስካሁን ይገርመኛል፤ ብዙ ነገር የማውቅ ሰው ነኝ።

"የተቀባ ሰው ይደግሳል" አሉ ጋሼ ኦልባ።

"ቆለኛ ምን ይደግሳል? ሙዝ?" አለች እትዬ አየለች። ፊቷ ገና አልተፈታም።

ቅዳሜ ጠራኋቸው። ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለውን የእኛን ቁርቁፋ ሠራሁ፤ በቆሎውን ትቼ ግን ያልተነፋ የገብስ ዱቄት አድቦልቡዬ ከሃለኮና ከድንች ጋር ቀቀልኩት። ይህን ከእኔ በፊት ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዳጣውን ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ፈጨሁ፤ በጨው ፋንታ ሎሚ ጨመቅኩበት። ጨው ሲቀር የእኔ ምላስ ሳምንት አኩርፎ ነበር፤ በኋላ ረሳው። ቅቤ ለየሰዉ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አደረግሁ።

ጋሼ ኦልባ ሁለት ጊዜ ጨመሩ። እትዬ አየለችም በላች፤ ግንባሯ አላበው፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። እዚያ አገር በነሐሴ ነጠላ የሚያስወርድ ምግብ እኔ ነኝ ያመጣሁት።

"ያሞቃል" አለች በመጨረሻ። "ግን ትንሽ ቅቤ ቢጨመር..."

"እትዬ።"

"እሺ፣ ዝም ብያለሁ። ሰኞ ቅጠሉን ይስጡኝና ከገንፎው ጋር ልሞክረው።"

መስከረም ላይ ሲስተሯ "ወርዷል፣ ኪኒኑን ግን እንዳያቋርጡ" አለች። እኔ ራሴ መለኪያውን ካላነበብኩ አላምንም ብዬ አነበብኩት። ማርታ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና ስለ ዕቃዬ ምንም ሳታነሳ ሄደች።

ያን ዕለት ማታ ምድጃዬ ላይ ድስት ጥጄ ሳለ ዳና ደወለ።

"እኔንም ጨው ተው አሉኝ" አለ። "ያ ያወራህልኝ ምግብ እንዴት ነው የሚሠራው?"

ከዱቄቱ ጀምሬ ነገርኩት።

"በስልክ አይገባኝም። ና አሳየኝ።"

"ጭቃው ይድረቅ።"

"እዚህ ደርቋል እኮ።"

እዚህም ደርቆ ነበር፤ አልነገርኩትም። ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠጋሁለት።

"ሲፈላ ይሰማሃል?"

"ይሰማኛል። የደወልኩት እኔ ነኝ፣ አትዝጋው።"