ለጋዝ ቀባሪ የመጡ ሽማግሌዎች

ኢብራር ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከፌርማታው ጀርባ ለስላሳ ማከፋፈል ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለት ነገር አልቻለበትም፤ ሳጥን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አይቶ ማለፍና ሰው ስለ ጋዝ ሲሳሳት ሰምቶ ዝም ማለት። ሠርግ ተጠርቶ እንኳ ምግብ ሳይቀርብለት ጓዳ ይገባና "ይሄ ለስላሳ ሞቋል፤ ስትከፍቱት እላያችሁ ላይ ነው የሚገነፍለው" እያለ አስተናጋጆቹን ያስጨንቃል። ባለቤቱ ሃፊዛ አብራው ሠርግ መሄድ ትታለች ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ሽማግሌ የተላከው የእንዲህ ያለውን ሰው ልጅ ለመጠየቅ ነው። ፈይዛ የመጀመሪያ ልጁ ናት፤ የመደብሩ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ያደገች፣ ሲቆጣ የምታስቀው እሷ ብቻ ናት። ኑሕ የሚባል ልጅ ወዳለች። የኑሕ ሽማግሌዎች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አጎቱ ሐጂ ረሻድ፣ ሌላው ጎረቤታቸው ጋሽ ዳንኤል። ጋሽ ዳንኤል የጴንጤ ቸርች ሰው ሆነው ሳለ የሰፈሩን ሙስሊም ግማሹን የዳሩት እሳቸው ናቸው ይባላል።

በወጉ ቆመው ጠየቁ፤ በወጉ ተቀመጡ ተባሉ። ኢብራርም በወጉ የልጁን ሥራ ጠየቀ።

"ጂኦሎጂስት ነው" አሉ ሐጂ ረሻድ።

"እሱ ስሙ ነው። ሥራው ምንድን ነው?"

ሐጂ ረሻድ ጋሽ ዳንኤልን አዩ። ጋሽ ዳንኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ፋብሪካ የሚያወጣውን ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሉትን፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ታች መሬት ውስጥ ይቀብራል።"

"እስካሁን ምን ያህል ቀበረ?"

"ገና ጥናት ላይ ነው።"

"ያልቀበረ ቀባሪ ማለት ነው" አለ ኢብራር። "ስሙኝ አባቶቼ። ጋዝ ታፍኖ እንደማይቀር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልፋቱ ሁሉ አንድ ቀን ቡፍ ብሎ ለሚወጣ ሰው ልጄን አልሰጥም። ጋዙ እዚያ ታች እንደሚቀር የፊታችን እሁድ በዚህ ቤት ከተረጋገጠ ግን ሰጥቻለሁ። ቃሌ ነው።"

ፈይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማችው። "ሽማግሌ የተላከው ለእኔ ነው ለጋዙ?" ብላ እናቷ ላይ አለቀሰች።

ሃፊዛም እንግዶቹ እንደወጡ ባሏን ያዘችው። "አንተ ሰውዬ፣ አባቴ እኔን ሲድርልህ ስለ ጋዝ ጠየቀህ?"

እውነቱን ለመናገር ኢብራር ልጁ ላይ ያገኘው እንከን የለም። ፈይዛ የሌለችበት ቤት ነው ያስፈራው፤ ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ስላፈረ ጋዙ ጀርባ ተደበቀ።

ሳምንቱን ሽማግሌዎቹ ተማሪ ሆኑ። አማች ሊሆን ያለ ልጅ ራሱ መጥቶ መከራከር ነውር ነውና ፈተናውን የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ኑሕ ማታ ማታ አስረዳቸው። ጋሽ ዳንኤል እንደ ጥቅስ ሸመደዱት፤ ሐጂ ረሻድ "ገብቶኛል፣ ገብቶኛል" እያሉ አሳለፉት።

እሁድ ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ ቀዝቃዛ ለስላሳ ቀረበ። ጋሽ ዳንኤል ብድግ ብለው ጀመሩ።

"እታች ያለው ድንጋይ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ጨዋማ ውሃ አለ፤ ማንም አይጠጣውም። ጋዙ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከላይ ግን ምንም በማያሳልፍ ድፍን ድንጋይ ተከድኗል። ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ሌላው ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ይሟሟል።"

"ለስላሳ ውስጥም ሟሙቷል" አለ ኢብራር፣ እየተዝናና። "ታዲያ ለምን ይወጣል? እዚያስ ምን ይይዘዋል?"

ጋሽ ዳንኤል ጠፋባቸው። የሚሉት ሲያጡ እንደልማዳቸው የቤቱን ጨዋነት ማመስገን ጀመሩ። ይሄኔ ሐጂ ረሻድ ሊያድኗቸው ገቡ።

"ሙቀቱ ነው የሚይዘው" አሉ በሙሉ ልብ። "እታች በጣም ስለሚሞቅ ጋዙ ውሃው ላይ ይጣበቃል።"

ፈይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቷን ሸፈነች። ኢብራር ግን ከመቀመጫው ተነስቷል።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሙቀት ጋዝ ያስወጣል እንጂ አይዝም። የሚይዘው ግፊት ነው።" ያልተከፈተ ጠርሙስ አነሳ። "ይኸው፣ አረፋ ይታያችኋል? የለም። ጋዙ ግን አለ፤ ውሃው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። የሚወጣው እኔ ክዳኑን ከፍቼ ግፊቱን ሳነሳለት ነው። እዚያ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ መሬት ተጭኖታል። ቢሞቅስ? ማን ይከፍተዋል?"

ጋሽ ዳንኤል ኪሳቸው ውስጥ የነበረችውን ወረቀት አገኙ። "ጋዝ የጠጣ ውሃ ከሌላው ውሃ ይከብዳል፤ ወደ ታች ይሰምጣል ይላል ልጁ።"

"ይሄን ነዋ መጀመሪያ የሚሉት። ወደ ታች ከሰመጠማ ከክዳኑ ጭራሽ ራቀ። ይቀራል። ሺህ ዓመት ይቀራል።"

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሐጂ ረሻድ ቆባቸውን አስተካከሉ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "በዚህ ቤት ተረጋገጠ።"

"እናንተ እኮ አይደላችሁም ያረጋገጣችሁት" አለ ኢብራር፣ ጠርሙሱን እንደያዘ።

"ማን እንደሚያረጋግጥ አላሉንም" አሉ ጋሽ ዳንኤል።

ሃፊዛ ከጓዳ እልል አለች። ፈይዛ ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች፤ ልትስቅም ልታለቅስም ደርሳለች።

"ቤታችሁ የት ነው የሚሆነው?" አላት።

"አስኮ። ሩቅ አይደለም እኮ አባዬ።"

ኢብራር ትንሽ አሰበ። "ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ይሻል ነበር" አለ። ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "የሠርጉን ለስላሳ ማንም እንዳይነካ። እኔ ራሴ ነኝ የማቀዘቅዘው።" ይህን ብሎ ሳጥን ሊቆጥር መደብሩ ገባ። እሁድ መደብሩ ዝግ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተከተለውም።