ለጽዋ ያስቀመጥነው ዱቄት

የምኖረው በጥበቃ ደመወዝ ነው። ከዚሁ ከቅርቡ ዝቋላ ወረዳ መጥቼ ሰቆጣ ከገባሁ ጀምሮ የአንድ መሥሪያ ቤት በር እጠብቃለሁ።

አንዲት ልጅ ከሌላ አገር መጣች። በትንሽ ደመወዝ የሚኖር ሰው ወሩን እንዴት እንደሚገፋ ታጠናለች አሉ። በሩ ላይ አገኘችኝና፣ «አባባ፣ አንድ ቀን ቤትዎ ልዋል። ምንም እንዳታዘጋጁ፤ እንደ ዘወትራችሁ ሁኑ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ያን ሰሞን የሚካኤል ጽዋ ተራችን ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ከአፋችን እየቀነሰች ለማኅበሩ የሚሆን የስንዴ ዱቄት አጠራቅማለች። ከዚያ በፊት አንድ ተራ አሳልፈናል። ሁለተኛ ያሳለፈ ሰው ከማኅበሩ እንደወጣ ነው፤ ማንም ውጣ አይለውም፣ እሱው አፍሮ ይቀራል እንጂ።

ልጅቱ ልትመጣ ዋዜማውን ባለቤቴ ያንኑ ዱቄት ስታቦካ አየሁ። እንግዳ በማሽላ ቂጣ ይዋል እንዴት ይባላል?

በማግሥቱ ልጅቱ ዳቦው ሲቀርብላት፣ «እማማ፣ ሁልጊዜ ዳቦ ነው የምትበሉት?» አለች።

«ሁልጊዜማ ማሽላ ነው፣ ሲገኝ።»

«እንደሌለሁ ቁጠሩኝ ብዬ ነበር እኮ!»

«እንዴት አድርጌ? ይኸው ተቀምጠሻል! ምሰሶ ነሽ እንዴ? በይ በሞቴ፣ ይችን ብቻ።»

ልጅቱ እየሳቀች ተቀበለች። ባለቤቴ ወደኔ ዞር ብላ በቋንቋችን በኸምጣንጋ፣ «ለሚካኤል ምን ልናቀርብ ነው?» አለች።

«እንጃ» አልኳት።

«ምን አሉ?» አለች ልጅቱ።

«አልበላችም እያለች ነው።»

ልጅቱ ደግማ ቆረሰች። ከዚያ፣ «ደመወዝዎ ሲያልቅ ማን ይደርስላችኋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ማኅበርተኛ ነዋ» አልኳት። ሌላ ማን አለን?

ሚካኤል ሲቃረብ የማኅበሩን መሪ፣ ሙሴውን፣ አገኘሁትና ባዶ እጃችንን መሆናችንን ነገርኩት።

«አያ፣ ቆሎም ቢሆን ይበቃናል» አለኝ። ከልቡ ነው።

ባለቤቴ ግን፣ «ሁሉ ዳቦና ጠላ ባቀረበበት ቆሎ ይዤ አልቆምም» አለች። ጽዋው ሌላ ቤት ገባ። እኛም ቀረን። ማኅበርተኞቹ መንገድ ላይ ሲያገኙን እንደ ድሮው ሰላም ይሉናል፤ እኛም እንመልሳለን።

ወሩ ሊያልቅ ሲል እህሉ ቀድሞ አለቀ። ባለቤቴ ነጠላዋን አነሣች፣ እስከ በሩ ሄደች፣ መልሳ ሰቀለችው።

«ወደ ማን ልሂድ?» አለች።

ተረኛ ስለነበርኩ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ።