የመርከብ ሰዎች ምሳ

ሶዶ ባሕር የላትም። ጠራ ባለ ቀን ዳሞታ ተራራ ላይ ወጥቶ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ያየ ሰው የአባያን ውኃ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ሊያይ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ትልቅ ውኃ አናውቅም። እንዲያም ሆኖ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ፣ አንድ የታኅሣሥ ቀን፣ የመርከብ ተሳፋሪዎች ቤታችን ድረስ መጡ። ይህን ሳወራ የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴን የማደርግበት ይጠፋኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአውሮፓ ተነስቶ ወደ ህንድ የሚሄድ የሽርሽር መርከብ ጅቡቲ ላይ ጥቂት ቀን ይቆማል። አገር ማየት የፈለጉ ተሳፋሪዎች በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ከእነሱም ውስጥ የበረቱት አንድ ቀን ወደ ደቡብ ወጣ ብለው «የጥንት ነገሥታት ከተማ» እንዲያዩ ይደረጋል። የጥንት ነገሥታት ከተማ የተባለችው እንግዲህ የእኛዋ ሶዶ መሆኗ ነው። ነገሥታቱስ በእርግጥ ነበሩን፤ ለፈረንጅ የሚታይ ነገር ግን ብዙም አልተዉልንም። ያስቆፈሩት ረጅም ምሽግ አለ፤ ሣር በቅሎበት ከብት ይግጥበታል። ስለዚህ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሰዎች ፕሮግራም ሲያወጡ ምሽጉ፣ ገበያው፣ የሸክላ አሠራርና የወላይታ ቤት ብለው ደለደሉ። የወላይታ ቤት ያሉት የአባቴን ቤት ነበር።

አባቴ ጭቃ ሹም ነው። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በዳሞታ ግርጌ፣ በእንሰት የተከበበ ትልቅ የሣር ቤት ነበር። ኩሩ ሰው ነበር፤ የሚኮራው ግን በከብቱም በመሬቱም አልነበረም፣ በእንግዳው ነበር። ከደጁ ሳይበላ ያለፈ የለም ሲባልለት ደስታውን መደበቅ አይችልበትም። ታዲያ መልእክተኛው መጥቶ «እንግዶቹ በምሳ ሰዓት እርስዎ ቤት ይሆናሉ» ሲለው ሌላ ነገር አልጠየቀም። ምን ይጠይቃል? በምሳ ሰዓት ሰው ቤት የሚመጣ እንግዳ ሊበላ ካልሆነ ምን ሊሠራ ይመጣል? በሚስዮን ሆስፒታል ድሬሰርነት፣ የሐኪም ረዳትነት፣ ተምሬ ከፈረንጅ ጋር የምውለው እኔ እንኳ አልጠየቅሁም።

ታናሽ እህቴ ለጥር ታጭታ ነበር። ለሰርጓ ተብሎ አንድ ሰንጋ ከጓሮ ታስሮ ይቀለባል፤ ሙሽራዋ ከምትበላው የሰንጋው ይሻላል እያልን እናበሽቃት ነበር። አባቴ እሱን አረደው። እናቴ «ለሰርጉስ?» ብትለው፣ «ለሰርጉ እግዚአብሔር ያውቃል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው በደረቅ ቆጮ ልሸኝ?» አላት። ይህም አልበቃውም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ፣ የሙሽራውን አባትም ጠራ። እህቴ ከምን ዓይነት ቤት እንደምትወጣ በዓይናቸው እንዲያዩለት ፈልጎ ነው።

መፈለጉም ያለ ምክንያት አልነበረም። በእኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ዘር ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቺናሻ ጋር ንክኪ አለመኖሩ። ቺናሻ የምንለው ሸክላ ሠሪዎቹን ነው። ከእነሱ ጋር አንጋባም፤ እህላቸውን አንቀምስም። እነሱም ቤታችን ቢመጡ ምግብ የሚሰጣቸው ደጅ ላይ በቅጠል ነው፤ የሚጠጡበትን ቅል ከየቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ቤቱ ገብተህ እህሉን የማትቀምስለት ሰው ቢኖር ቺናሻ ብቻ ነው።

ለእንግዶቹ ሸክላ ልትሠራ የተጠራችው ሴት ጓዳችን ውስጥ ያለውን ማሰሮና ወጭት ሁሉ የሠራች ናት። እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት ከእኛ ጋር ትዘምራለች፤ እንደሷ ያለ ድምፅ ያለው ሰው አልነበረንም። ቤታችን ስትመጣ ግን ወሰኗ አጥሩ ነው። በዕድሜ ከእናቴ ብትበልጥም አንቱ የሚላት አልነበረም፤ ይኸው እኔም ዛሬ ስጽፍ «እሷ» እያልኩ ነው። ያን ዕለት ጭቃዋንና ቅሏን ይዛ መጥታ ከበሩ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። እዚያ ተቀመጪ ያላት የለም፤ ቦታዋን ታውቀዋለች።

አውሮፕላኑ ከብቶች ከሜዳው ከተባረሩለት በኋላ አረፈ። እንግዶቹ በጽሕፈት ቤቱና በሚስዮኑ ላንድሮቨሮች ተጭነው፣ ምሽጉንና ገበያውን አይተው፣ አቧራ ለብሰው ግቢያችን ደረሱ። አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ፤ ትሑቶችና ሳቂታዎች። ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው አስጎብኚ ከረባት ያሰረ ጎበዝ ነው። እሱ በእንግሊዝኛ ይነግራቸዋል፣ ለእኔ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ ለአባቴ በወላይትኛ እነግራለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ማር ነበር። አባቴ ምሰሶውን፣ የከብቶቹን ጋጣ፣ ጣሪያው ውስጡ እንዴት እንደታሰረ እያዞረ አሳያቸው። እንግዶቹ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ያደንቃሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። የሙሽራው አባት ከጎረቤቶች ጋር ተቀምጦ ያያል። አባቴ አልፎ አልፎ ወደሱ ዞር ሲል አይቼው ሳቄን ዋጥኩ።

ከዚያ በእጁ አግዳሚዎቹን አሳየ። ከጸሎት ቤት ተውሰን አምጥተን ጋቢ ያለበስናቸው ናቸው። ሥጋው ተሰቅሏል፤ ዳታው፣ ያ የሚያስለቅሰው በርበሬ፣ ተፈጭቶ ቀርቧል፤ እናቴና አክስቶቼ ሙቹዋውን፣ በቅቤ የታሸውን ቆጮ፣ በአዳዲስ ወጭቶች ይዘው ቆመዋል። «ምሳ ቀርቧል በያቸው» አለኝ አባቴ።

ለአስጎብኚው ነገርኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። «እህቴ፣ እባክሽ አባትሽን አስረጂልኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመርከብ ውጭ ምንም እንዳይቀምሱ ሐኪማቸው ከልክሏቸዋል። የራሳቸውን ይዘዋል። እዚህ የመጡት ጥላው ሥር አረፍ ብለው ሊበሉ ነው።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። ያንን በወላይትኛ ለአባቴ፣ በግቢው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት እለዋለሁ? «አይበሉም» ብቻ አልኩት።

«ጾም ነው?» አለኝ።

አቤት፣ ያቺ ጥያቄ! መውጫ እየፈለገላቸው ነበር፤ ለእነሱም ለራሱም። አዎ ብል ነገሩ ባለቀ። ግን አፌን ሳልከፍት እንግዶቹ የካርቶን ሣጥኖቻቸውን ፈቱ። የተጠበሰ ዶሮ ነበረበት፣ እንቁላል ነበረበት። የራሳቸውን ውኃ በየራሳቸው ኩባያ ቀድተው፣ በአባቴ ጋቢ ላይ ተቀምጠው፣ ፈገግ እያሉልን መብላት ጀመሩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሚያናድደው ደግሞ የመርከቡን ሐኪም እንኳ አፌን ሞልቼ መርገም አለመቻሌ ነው። ጥሬ ሥጋ አትብሉ፣ ኮሶ ይይዛችኋል እያልኩ ሆስፒታል ውስጥ ሰው የማስተምረው እኔው ነኝ። በእንግዶቹ አፈርኩ፣ በሥጋው አፈርኩ፣ በሥጋው በማፈሬም አፈርኩ። እናቴ ወጭቱን እንደያዘች ቆማለች። አስቀምጪው የሚላት ጠፍቷል።

በዚህ መሐል የሙሽራው አባት ጉሮሮውን ጠራረገና ለጎረቤቱ፣ ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ፣ «እነዚህ ፈረንጆች ደግሞ ስለዚህ ቤት ምን ሰምተው ይሆን?» አለ። ለቀልድ ነው ያለው። ሰዎች ሳቁ። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ ያንን ሳቁን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም።

ቀልዱ ሳይበርድ የባሰ መጣ። አንዲት ነጭ ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት ሣጥኗን ይዛ ከአግዳሚው ተነሳች፤ ከበሩ ወጥታ ሸክላ ሠሪዋ አጠገብ ሣሩ ላይ ዘፍ አለች። ጭቃ የነካውን እጇን ይዛ አገላብጣ አየችው፣ አደነቀችው። ከዚያ ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠቻት። ሸክላ ሠሪዋ ግራ ገብቷት ወደ እኛ አየች። እኛ ዞር አልን። ምን ታድርግ፣ በላች። ከባሕር ማዶ ከመጡት እንግዶች ጋር ያን ቀን አብሮ የበላ ሰው እሷ ብቻ ሆነች። የሙሽራው አባት ይህን ጊዜ አልቀለደም፤ ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ተከዘ።

አስጎብኚው ሰዓቱን አየና አጨበጨበ። ከሰዓት በኋላ ደመና ስለሚመጣ አውሮፕላኑ አይጠብቅም፣ መርከቡም እንዲሁ። እንግዶቹ ሁላችንንም እየጨበጡ አመሰገኑ፤ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፣ ያጠፉትን አያውቁትም። ፍርፋሪያቸውን እንኳ ለቃቅመው ሣጥናቸው ውስጥ ከተው ወሰዱ።

ሥጋው አልተጣለም። ጎረቤት በላ፤ መጀመሪያ እያፈረ፣ በኋላ እየጠገበ። የሙሽራው አባትም ትንሽ ቀመሰ፣ ቆሞ ነው ግን። ስለ እህቴ አትጨነቁ፤ ወራት ሙሉ የዘር ማንዘራችን ነገር እንደ አዲስ ከተጠያየቀ በኋላ፣ ለጥር የታሰበው ሰርግ ለሚያዝያ ተሸጋግሮ፣ በበግ ተዳረች። አባቴ ስለዚያ ሁሉ ጥያቄ አንድም ቀን አላወራም።

የማልረሳው ግን የዚያኑ ቀን መጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ ሲበተን አባቴ ጋቢ በለበሰው አግዳሚ ላይ ብቻውን ቀረ። እህል በአፉ አልዞረም። ሸክላ ሠሪዋ ዕቃዋን ሸክፋ፣ ቅሏን በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ከበሩ ውጭ ቆመች።

«ጌታዬ» አለችው።

ቀና አለ።

«አይክፋዎት። የሚያመው መጀመሪያ ላይ ነው። በኋላ ይለመዳል።»

ነገር መወርወሯ አልነበረም። እንደሱ ቢሆን ኖሮ አባቴ መልስ አያጣም ነበር። ሐዘን ቤት የመጣ ሰው እንደሚያጽናና ልታጽናናው ነው፤ በሽታውን ስለምታውቀው። አባቴ ከአግዳሚው ተነሳ። ከዚያ እናቴን ጠርቶ፣ «ለእኚህ ሴት ምሳ አቅርቢላቸው» አላት። ስጫት አላለም። ሁላችንም ሰማነው።

እናቴ ገባች። ለፈረንጆቹ የተዘጋጁት አዳዲስ ወጭቶች መደቡ ላይ እንደተደረደሩ ነበሩ። ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ከሥጋው ጥሩ ጥሩውን መርጣለች፣ ቅቤ የጠገበ ሙቹዋ ጨምራለች፤ ሁሉንም በኮባ ቅጠል ጠቅልላዋለች። ክፋት አስባ አይደለም፤ እጇ የለመደውን ነው ያደረገው። ግቢው መሐል ስትደርስ የያዘችውን አየችና ቆም አለች። አባቴም አየ። እኔም አየሁ። እናቴ ግን እንደያዘችው ወደ በሩ ቀጠለች።

ሴትዮዋ ከበሩ ውጭ ሆና በሁለት እጇ ተቀበለች፤ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ብላ ቁልቁለቱን ወረደች።